ፈረሱ ወደቀ፤ ሠሪውስ?

ራስ መኰንን በፈረስ ተቀምጠው የሚታዩበት የሐረር ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ሰሞን በተነሣው ሁከት ከመቆሚያው ተገነደሰ። መውደቁን ያየም ያላየም ያውቃል። ማንም ያልተጨነቀበት ነገር ቢኖር የሠሪው ጉዳይ ነው። ሠሪው አፈወርቅ ተክሌ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከኤረር በር ወዲህና ወዲያ ባሉት ሻይ ቤቶች፣ ጫት በሚቃምበት መደብ፣ በዶርም መተላለፊያም ጭምር ነገሩ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ተከራካሪ እናገኛለን።

አንደኛው ዓይነት እንዲህ ይላል፤ «ሰውየው የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር። የንጉሥ እንጀራ በላ፣ የንጉሥን አባት ፈረስ ላይ አወጣ፣ አለቀ። ፈረሱ ሲወድቅ እሱም አብሮ ወደቀ። ሌላ ምን ቀረው?» ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ ይላል። «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት...» ብሎ ማዕረጉን ሲዘረዝር ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከማዕረጉ በኋላ ክርክር እንጠብቃለን፤ የለም። ማዕረጉ ራሱ ክርክሩ ኖሯል!

ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለማስቀየም የተጻፈ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ ከአንደኛው ከሆንክ ከአሁኑ ተዘጋጅ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ አንቱታ አንድ ነገር ልበል። ሰውየውን በሕይወት ሳሉ አግኝቻቸው ቢሆን ኖሮ «አንቱ» እላቸው ነበር፤ አስተዳደጌ ያስገድደኛል። ሠዓሊውን ግን «እሱ» እለዋለሁ። ሼክስፒርን አንቱ የሚል የለም፤ ከበደ ሚካኤልን እንኳ ግጥሙን ስንተች «ገጣሚው እንዲህ አለ» ነው የምንለው። በሥራው ለሚለካ ሰው ከዚህ የበለጠ አክብሮት አላውቅም።

እሺ፤ «የቤተ መንግሥት ሠዓሊ» ማለት ስድብ ነው ወይ? ስድብ ከሆነ የዓለምን ሙዚየሞች ባዶ ለማድረግ እንነሣ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ማድሪድ ገብተን ጎያን እናውርድ።

ፍራንሲስኮ ጎያ በ1746 እ.ኤ.አ. በአራጎን አገር ፉዌንዴቶዶስ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ እንጨት በወርቅ የሚለብጥ የእጅ ባለሙያ ነበር። ልጁ ለንጉሡ የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ ንድፍ እየሠራ ከታች ተነሣ። በ1786 የንጉሥ ሠዓሊ፣ በ1789 የካርሎስ አራተኛ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ፣ በ1799 ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ቀዳሚ ሠዓሊ ተባለ፤ ደመወዙም በዓመት 50,000 ሬያል ሆነ። ከዚህ የበለጠ የንጉሥ እንጀራ ከየት ይመጣል? በመካከሉ፣ በ1792 እና 93፣ ክፉ በሽታ ያዘውና ጆሮው ጨርሶ ደነቆረ። ቀሪውን ዕድሜውን የኖረው ዝም ባለ ዓለም ውስጥ ነው።

ያ የ1799 ዓመት ሁለት ነገር የተደረገበት ነው። በአንድ እጁ ሹመቱን ተቀበለ፤ በሌላው እጁ «ካፕሪቾስ» የተባለውን የ80 ኅትመት ሥዕሎች ስብስብ አወጣ። በዚያ ስብስብ ውስጥ አህያ የዘር ሐረጉን በመጽሐፍ ላይ ሲቆጥር እናያለን፤ አህያ ሐኪም የበሽተኛ እጅ ይዞ ሲመረምር እናያለን። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሁለት ድሆች ሁለት አህዮችን በጀርባቸው አዝለው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሄዱበት ነው። በኤረር በር ማልዶ እንጨትና እህል የጫኑትን አህዮች አይቶ የሚያውቅ ሰው ያን ሥዕል ለመረዳት የእስፓኝ ቋንቋ አያስፈልገውም። ጭነቱን ገልብጦ ማየት ነው። ስብስቡ ለሽያጭ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከገበያ ተነሣ። በ1803 ጎያ መዳብ ቅርጾቹን ለራሱ ለንጉሡ አስረከበ፤ ለልጁም ጡረታ ተሰጠው። ብልጥ ነበር። ብልጥነቱን አልደብቅም።

ከዚያ የንጉሡን ቤተሰብ ሣለ። ማባዣ ማሽናችን ከጥቁር በቀር ቀለም ስለማያውቅ ሥዕሉን እዚህ ላሳያችሁ አልችልም፤ በቃል ልንገራችሁ። ንጉሡ ሆዱን ገፍቶ፣ ሜዳዩን ደርድሮ ቆሟል። ንግሥቲቱ መሀሉን ይዛለች። ሐሩም፣ ወርቁም፣ አልማዙም ሁሉ ያበራል፤ ፊቶቹ ግን አያበሩም። ጎያ ራሱ ከኋላ በግራ በኩል በጥላው ውስጥ ቆሞ ከሸራው አጠገብ ያየናል። የተከፈለው ለማስዋብ ነበር፤ እሱ ግን ያየውን ሣለ። ቤተሰቡም ሥዕሉን አልጣለም።

በ1808 የናፖሊዮን ጦር ገባ። ጎያ ለወራሪው ንጉሥ ለዮሴፍ ቦናፓርትም ሠራ፤ ከእጁ ኒሻን ተቀበለ። በ1814 ፈርናንዶ ሰባተኛ ሲመለስ ደግሞ ለእሱ ሠራ። በአንድ ዕድሜ ስንት ጌታ! የሻይ ቤቱ የመጀመሪያ ተከራካሪያችን ይኼኔ ጎያን ሁለት ጊዜ ሰቅሎት ነበር። ነገር ግን ከ1810 እስከ 1820 ባለው ጊዜ ያው ባለ ኒሻን ሠዓሊ ቤቱ ተቀምጦ «የጦርነት መከራዎች» የተባሉትን 82 ቅርጾች ቀረጸ። ሬሳው፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ገላ፣ የማድሪድ ረሃብ፣ ገዳዩም ተገዳዩም አንድ ዓይነት አውሬ የሆኑበት ፊት ሁሉ እዚያ አለ። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም። በሕይወቱ ሳለም ለገበያ አላወጣቸውም። በ1828 በቦርዶ በስደት ሞተ፤ ቅርጾቹ የታተሙት ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ በ1863 ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን መመዘኛ ውድቅ ነው። «ማን ከፈለው?» የሚለው ጥያቄ ስለ ከፋዩ ይነግረን እንደሆነ እንጂ ስለ ሥዕሉ አይነግረንም። ጥያቄው «እየተከፈለው ምን አየ?» መሆን አለበት።

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

የእኛ ቤተ መንግሥትም ሠዓሊ አጥቶ አያውቅም። ነገር ግን የጥንቱ ሠዓሊ አንድ ደንብ ነበረው። አሠሪው የቱንም ያህል ኃያል ቢሆን ቦታው ከሥዕሉ ግርጌ ነው። በጣና፣ በደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የገባ ሰው እቴጌ ምንትዋብን ከማርያም እግር ሥር ተደፍተው ያያቸዋል። ያን ጊዜ ከእሳቸው በላይ ሥልጣን የነበረው ማን ነው? ሆኖም ሠዓሊው መሬት ላይ አደረጋቸው፤ እሳቸውም በዚያ ተደሰቱ። ፈረሱስ? ፈረሱ የጊዮርጊስ ነው፣ የመርቆሬዎስ ነው፣ የቴዎድሮስ ሰማዕቱ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ከሥር፣ ሰማዕት በፈረስ። ይህን ደንብ ማን ገለበጠው ብላችሁ ጠይቁኝ፤ እመጣበታለሁ።

(በመንገዴ ላይ ሌላ አፈወርቅ አለ፤ ስሙን ሳላነሣ ባልፍ ይቀየመኛል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ሁላችንም የምናውቀው በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባሳተመው በልብ ወለዱ ነው። ሰውየው ግን አስቀድሞ ሠዓሊ ነበር፤ ጣሊያን አገር ሥዕል ተምሮ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት የሠራ። በአድዋ ዘመን ወደ ጣሊያን ከዳ፣ ኋላ ተመልሶ እዚሁ ጎረቤታችን ድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ፣ በወረራው ጊዜ ደግሞ «አፈ ቄሣር» ተባለ። መጽሐፉን ከክህደቱ ለይተን ፈተና ላይ እንጽፍበታለን። ለደራሲ የሠራ ፍርድ ለሠዓሊ ለምን አይሠራም?)

አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። ልጅነቱን ጣሊያን በላው። በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ የማዕድን ምህንድስና እንዲማር እንግሊዝ አገር ተላከ። እዚያ ሲደርስ ማዕድኑን ትቶ ሥዕል ያዘ፤ ለንደን በሴንትራል የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማረ። እስቲ አስቡት፤ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ መሐንዲስ ሁን ብሎ የላከው ልጅ «አይ፣ ሠዓሊ ነኝ» ሲል። ዛሬ ከእኛ መካከል ለአባቱ እንኳ እንዲህ ብሎ የሚደፍር ስንት አለ? በ1954 ተመልሶ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን አሳየ። ከዚያ እንደገና አውሮፓ ወጥቶ የመስታወት ሥዕል ሥራን ተማረ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ የተከማቹትን የብራና መጻሕፍታችንን ሥዕሎች አጠና። ሲመለስ የቤተ መንግሥትም የቤተ ክህነትም ትእዛዝ ጠበቀው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕልና ሞዛይክ ሠራ። በ1964 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። ቤቱን «ቪላ አልፋ» ብሎ፣ የጎንደርን ግንብ እያስታወሰ፣ ራሱ ንድፉን አውጥቶ ሠራ። ዙፋኑ ሲወድቅ እሱ አልወደቀም፤ በደርግም ዘመን ሠራ፣ ከደርግም በኋላ ተከበረ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፍ ሦስት መንግሥት አይቶ ነበር። በዚህ በኩል ከጎያ ጋር ጎን ለጎን ይቆማል።

አሁን ሁለተኛው ወገን ደስ ይበለው፤ ስለ ትልቁ ሥራው ልናገር ነውና።

የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ የአፈወርቅ መስታወቶች 150 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ሦስት ክፍል ናቸው። አንዱ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ አንዱ ትግሏን፣ አንዱ ተስፋዋን ያሳያል። ያዘዘው ማነው? ያው መንግሥት። ገንዘቡ የማን ነው? ያው የመንግሥት። በዚያ መስታወት ላይ ግን ከፊት ሆኖ ወደ ነገ የሚራመደው ንጉሥ አይደለም። የአገር ልብስ የለበሰ፣ ችቦ የያዘ ቤተሰብ ነው። ቀለሙ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የመጣ ነው፤ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ከዘንዶው ጋር የሚደረገው ግብግብ የጊዮርጊስ ነው፣ ግን ጊዮርጊስ ብቻውን አይደለም፣ ሕዝብ ሆኗል። በግንቦት 1955 የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ ብርሃኑ የወረደባቸው በዚህ መስታወት አልፎ ነው። አዳራሹ በ2024 እ.ኤ.አ. ታድሶ ተከፍቷል፤ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ገብቶ ይመልከት። ጠዋት ገብታችሁ ፀሐይዋን ጠብቁ። የቤተ መንግሥት ሠዓሊ እየተከፈለው ከከፋዩ አሻግሮ ሊያይ ይችላል ለሚለው ክርክሬ ምስክሬ ይህ መስታወት ነው።

ወደ ፈረሱ ልምጣ።

ራስ መኰንን የአድዋ አዝማች ናቸው፣ ባሕር ተሻግረው የተደራደሩ ዲፕሎማት ናቸው፣ ሐረርንም ለረጅም ዘመን ገዝተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሐረር በእጃቸው የገባችው ግን በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂ ጦር ከተሸነፈ በኋላ መሆኑም እውነት ነው። በጁገል ውስጥ ለጨለንቆ የሚያለቅስ ቤት አለ፤ ከጁገል ውጭ ደግሞ መኰንንን የሚወድ ቤት አለ። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ለአባታቸው ሐውልት አሠሩ። ልጅ አባቱን ቢያስታውስ አልፈርድም።

የምፈርደው በሠዓሊው ነው። በፈረስ የተቀመጠ ገዥ በአደባባይ መሀል ማቆም የእኛ ደንብ አልነበረም፤ ሮማውያን የያዙት፣ አውሮፓም እየተቀባበለ ያቆየው ልማድ ነው። አዲስ አበባ አራዳ ላይ ያለውን የምኒልክን ሐውልት ጀርመናዊ ነው የሠራው፤ በ1930 እ.ኤ.አ. በንግሥ ዋዜማ ተመረቀ። ጀርመናዊው የሚያውቀውን ሠራ፣ አይወቀስም። አፈወርቅ ግን የናርጋን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ነው! አሠሪ ከግርጌ፣ ሰማዕት በፈረስ የሚለውን ደንብ በለንደንና በሮም የብራና መጻሕፍት ላይ ጎንበስ ብሎ ያጠና ሰው ነው። መስታወቱ ላይ ጊዮርጊስን ሕዝብ ያደረገ እጅ፣ ሐረር ሲደርስ ፈረሱን ለአገረ ገዥው መልሶ አስረከበ። ስለዚህ ሐውልቱ ደካማ ነው የምለው መኰንንን ስላሳየ አይደለም። ሌላ ምንም ስላላየ ነው። የሺህ ዓመት ስም ያላት ከተማ፣ አምስት በር ያላት ከተማ፣ በዚያ ሥራ ውስጥ ባለጉዳይ ሳትሆን ተመልካች ብቻ ናት። ያን ፈረስ ነቅላችሁ የትም አገር አደባባይ ብታቆሙት አላፊ አግዳሚው የእኛ አይደለም ብሎ አይጠረጥርም ነበር።

ኤረር በርን እዩት እስቲ። ሐረሪዎች አርጎ በሪ ይሉታል። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ነጋዴ ሳይሆን መልእክተኛ ነኝ ብሎ የገባው በዚህ በር ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስሙ ያልተጻፈ ስንት ሺህ ሰው ገብቶበታል። ግንቡን የአሚር ኑር እንለዋለን፤ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ ያነባበረውን ሰው ግን ስም የሚጠራው የለም። በውስጥ ደግሞ በየጌይ ጋሩ ግድግዳ የተሰቀለው ስፌት አለ፤ ቀለሙን የመረጠችው፣ ዙሩን የቆጠረችው ሴት አልፈረመችበትም። ይህ ሁሉ ጥበብ አንድ ሠዓሊ ሐረርን አየሁ ለማለት ቢፈልግ በደጁ ተዘርግቶለት ነበር። ትእዛዙ መኰንንን ሥራ የሚል ነበር ትሉኛላችሁ። የጎያስ ትእዛዝ ምን የሚል ነበር?

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወገን እጁን እያፋጨ «ታዲያ እንኳን ወደቀ!» ይለኛል። ቆይ እንጂ ወንድሜ።

ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባ ሲገባ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የምኒልክን ሐውልት ማውረድ ነው። የሥነ ጥበብ ሂስ እየሠራ ነበር? የሌኒን ሐውልት በ1983 ዓ.ም. ግንቦት በሽቦ ተጎትቶ ሲወርድ ስለ ቅርጹ ውበት የተከራከረ ነበር? ገመድ ሂስ አይጽፍም። አንድን ደካማ ሥራ ደካማ ነው ለማለት ሥራው መቆም አለበት፤ ልጆቻችን ዞረውት፣ ከኋላም ከፊትም አይተውት፣ «ይሄ ፈረስ የሐረር አይደለም» ብለው በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ። አሁን ግን ክርክሩ በሁለት አፎች መካከል ቀረ፤ አንዱ አምላክ ያደርገዋል፣ አንዱ ጠላት ያደርገዋል፤ ሥራውን የሚያይ ዓይን አጣ። እኔ ይህን ሐውልት በጽሑፍ ላወርደው ፈልጌ ነበር። በገመድ ቀደሙኝ፤ ቂሜ ይኼ ነው።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ፤ የከበደው ጥያቄ ለእናንተ ነውና። በ1965 እና 66 ዓ.ም. የወሎ ሰው በረሃብ ረገፈ። በ1969 እና 70 የአዲስ አበባ መንገድ ላይ የወጣት ሬሳ ጽሑፍ ተለጥፎበት አደረ። በ1977 ረሃቡ ተመልሶ መጣ። አፈወርቅ በዚህ ሁሉ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ጎልማሳ ነበር። በየቴምብሩ፣ በየፖስት ካርዱ፣ በየቀን መቁጠሪያው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የምናውቃቸውን ሥራዎቹን አስቡ። «እናት ኢትዮጵያ» ውብ ናት። «የመስቀል አበባ» ውብ ናት። በ1981 እ.ኤ.አ. የራሱን ምስል የፍሎሬንሱ ኡፊዚ ሙዚየም ተቀበለለት፤ ለአፍሪካዊ ትልቅ ነገር ነው። ግን የወሎው ሰው የት አለ? መንገድ ላይ ያደረው ልጅ የት አለ? ከእነዚያ ሁሉ ውብ ፊቶች መካከል አንድ የተራበ ፊት አሳዩኝ ብል የትኛውን ቀን መቁጠሪያ ትገልጡልኛላችሁ?

«ቢሥል ይገድሉት ነበር» ትሉኛላችሁ። ይህ ቀላል መልስ አይደለም፤ በአሰሳ ጊዜ መሳቢያ ይፈተሽ፣ ፍራሽ ይቀደድ እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። አንድ የወረቀት ቁራጭ ሰው ያስገድል ነበር። ነገር ግን ጎያም በገነት አልኖረም። በ1815 ኢንኩዊዚሽን የተባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት እርቃኗን ስለሣላት ሴት አስጠርቶታል። ከፈርናንዶ ፊት ታማኝነቱን እንዲያስመሰክር ተመርምሯል። ፍርሃቱን አላሸነፈውም፤ ፍርሃቱን ይዞ ማታ ማታ ሠራ። እኔ አፈወርቅን ለምን አልሞትክም አልለውም። ማታ ምን ትሠራ ነበር እለዋለሁ።

አሁን ለሐረር ልጆች የሚያስቀይመውን ላምጣ። አፈወርቅ በተወለደበት ዘመን፣ እዚሁ ሐረር፣ የአለቃ ደስታ ነገዎ ልጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክህነት ሊቅ፣ ብራና የሚጽፉና የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ልጁ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ግጥም ጻፈ። «ጎልጎታ»ን ሣለ፤ የክርስቶስን ስቅለት መልክ የሌለው ቀይ ጩኸት አደረገው። ብዙ ሰው ይሄ ምኑ ሥዕል ነው ብሎ ሳቀበት፤ ፈረንጅ ሆኗል ተባለ። እሱም የንጉሡን ሽልማት በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ከአፈወርቅ በዓመቱ፣ ተቀብሏል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን ወጥነት ካለው እሱንም አብሮ ይጣለው። አልጣሉትም፤ ምክንያቱም አያውቁትም። ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በ1981፣ የአፈወርቅ ምስል ፍሎሬንስ በገባበት ዓመት፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹ ኋላ ተመልሰው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም ቆመለት።

አዲስ አበባ! እኛስ? ራምቦ ቤት የማይወስድ አስጎብኚ በዚህ ከተማ የለም፤ ፈረንሣዊው ባለቅኔ ኖረበት ለማለት በሚያስቸግረው ቤት ደጃፍ ቱሪስት ተሰልፎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ራምቦን አልጠላም፤ ቡናና ጠብመንጃ የነገደብንም ቢሆን። ከኤረር በር ተነሥቶ የገብረ ክርስቶስን የልጅነት ሰፈር ይዞኝ የሚሄድ አስጎብኚ ካለ ግን ዛሬውኑ ይምጣ፤ ሻይና ሳምቡሳ በእኔ ሒሳብ ነው። በፈረስ ያለውን እናውቃለን፣ ጥለነዋልም፤ በእግሩ ሄዶ በስደት የቀረውን ግን ለመጣልም ለማቆምም አላወቅነውም።

ባዶ መቆሚያ ሲታይ ምን ይቁም የሚል ኮሚቴ አይጠፋም። አንዱ ሌላ ፈረስ ያመጣል፤ ሌላ ባለ ሥልጣን፣ ሌላ ጦር፣ ከዚህ ወገን ሳይሆን ከዚያ ወገን። የፈረሱ ቅርጽ ያው፣ የሚቀመጠው ሰው ብቻ የተለየ። ይህን የሚያስብ ካለ ከአሁኑ እንከራከረው። ለእሱ የሚሠራ ሠዓሊም አይጠፋም፤ ሠዓሊውን ከትእዛዙ ሌላ ምን አየህ ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልታየም። የጥበብ ክፍሉም፣ ጋዜጣውም፣ እኛም በዚህ መጽሔት ለስንት ዓመት ስለ ሥዕል አንድ ገጽ ሂስ አላወጣንም። ግጥም፣ ግጥም፣ ግጥም! ከግጥሙ ሲሶው ስለ ጨረቃ።

የመጨረሻው ነገር ስለ መሳቢያ ነው። ጎያ ሲሞት ያ የቅርጽ ስብስብ በልጁ በሐቪየር እጅ ቀረ፤ ልጁ ደብቆ አቆየው፤ በመጨረሻ የማድሪዱ የሳን ፈርናንዶ አካዳሚ 80ውን ገዝቶ በ1863 አሳተመው። እስከዚያች ዓመት ድረስ ብዙው የእስፓኝ ሰው ያን ሥራ አላየውም ነበር። የቪላ አልፋ ንድፎች፣ የማስታወሻ ደብተሮች፣ ያልታዩ ሸራዎች፣ ተጥለው የተነሡ ወረቀቶች ሁሉ በቁጥር በቁጥር ተመዝግበው በካታሎግ ይታተሙልን። ለሠላሳ አምስት ዓመት አንጠብቅም። የ1966 እና የ1970 ወረቀት ከመካከላቸው ከተገኘ ስለ አፈወርቅ የጻፍኩትን ግማሹን እኔው ራሴ እሰርዛለሁ፤ ስለ ፈረሱ የጻፍኩት ግን እንዳለ ይቆያል።